በስምንት ቀን ሁለቴ የሰመጠችው መርከብ

እኔ በተወለድኩበት ቀን በዓለም ላይ ምንም ነገር አልሆነም። በግምት አይደለም የምላችሁ፤ ፈልጌ ነው። ጦርነት አልተጀመረም፣ ጦርነት አልቆመም፣ ንጉሥ አልሞተም፣ ሌላው ቢቀር አንድ ድልድይ እንኳ አልተመረቀም። ሚያዝያ ዐሥራ ስምንትን ፈጣሪ ባዶውን ትቶ እኔን ጣል አደረገበት። ሌላ ሰው ቢሆን "ቀኔን የሚጋፋኝ የለም" ብሎ ይጽናና ነበር። እኔ ግን ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ግልጽ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ብደብቀውም ፊቴ ላይ ስለሚወጣ ነው። እናቴ "ያንቺ ቅናት እንደ ሽሮ ነው፤ ዞር ካሉለት ይገነፍላል" ትለኛለች።

የቀናሁባት ልጅ ሐመልማል ትባላለች። የተወለደችው ጥቅምት ሠላሳ ነው። ጥቅምት ሠላሳ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የበርሊን ግንብ የፈረሰበት ቀን ነው። እስቲ ፍረዱኝ። በእሷ ቀን ግንብ ይፈርሳል፤ በእኔ ቀን ግን፣ እናቴ እንደምትለው፣ ጎረቤት እንኳ ዘግይቶ ነው የሰማው።

ሐመልማል ጠላቴ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ችግሩ ጓደኛዬ ናት። ደብረ ማርቆስ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ነው የተማርነው። አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ላጲስ፣ በፈተና ሰሞን ደግሞ አንድ መልስ ተካፍለናል። ሩቅ ባለ ሰው የሚቀና ሰው እንቅልፉን ይተኛል። የወንበር ጓደኛው ላይ የሚቀና ሰው ግን ከቅናቱ ጋር ክርን ለክርን እየተጋጨ ነው የሚውለው።

አስረኛ ክፍል ስንደርስ ሁለታችንም ሚኒ ሚዲያ ገባን። ሚኒ ሚዲያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ከኳስና ከመረብ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ቴፕ፣ እንዲሁም አንድ ማይክ ነው። ማይኩ ሽቦው ከሥሩ ጠምዘዝ ተደርጎ ካልተያዘ ይቆራረጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪው በሰልፍ ቆሞ፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ በጆሮው እየተቀበለ፣ ሰንደቅ ዓላማ እስኪሰቀል እኛን ይሰማል። ሌላ ምርጫ ስለሌለው ይሰማል።

ክበቡን የሚመራው የስፖርት መምህራችን አስናቀ ሥራ ሲያከፋፍል ለሐመልማል "ታሪክ በዛሬው ዕለት" የሚለውን ሰጣት። ለእኔ የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያን ሰጠኝ።

ልዩነቱን ላስረዳችሁ። እሷ "በዛሬው ዕለት" ብላ ትጀምራለች፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ ራዲዮ የዋጠች ነው የምትመስለው፤ መንግሥት ትገለብጣለች፣ እሳተ ገሞራ ታፈነዳለች፣ ሰልፉ ትንፋሹን ይይዛል። ከእሷ ቀጥሎ እኔ እወጣና "አንድ የግራ እግር ጫማ ተገኝቷል" እላለሁ። የእኔ ድምፅ ደግሞ ገበያ ውስጥ የራቀ ሰው ለመጥራት የተሠራ ነው። ያ የግራ ጫማ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለቤት አጥቶ፣ እኔም በየሳምንቱ ሳላስታጉል እያነበብኩት፣ በመጨረሻ ተማሪው ገና ስወጣ "ጫማዋ መጣች" ይለኝ ጀመር።

ሐመልማል ስታነብ እኔ ከኋላዋ ቆሜ የማይኩን ሽቦ እጠመዝዛለሁ። አንዱ እጄ ሽቦው ላይ ነው። በሌላኛው እጄ ጣት ቀኝ ጆሮዬን እደፍናለሁ፤ ግራውን ትከሻዬ ላይ እለጥፈዋለሁ። ለምን ብትሉ፣ ተማሪው ሲያደንቃት ላለመስማት። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ካነበበችው ታሪክ ሁሉ በጆሮዬ የገባው የመጨረሻው የበርሊን ግንብ ነው፤ እሱም ገና ጆሮ መድፈን ስላልጀመርኩ። የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ታሪኩን የምታወጣው ከአንድ አጀንዳ ነበር። አዲስ አበባ የሚሠራ ወንድሟ የላከላት፣ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ የፈረንጅ አጀንዳ። ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለው፤ ከገጹ ግርጌ በዚያ ቀን የሆነ ነገር በእንግሊዝኛ በሁለት መስመር ተጽፏል። አንዳንዱ ገጽ ባዶ ነው። በላስቲክ ጠቅልላ ከደብተሯ ሥር ትይዘዋለች፤ "እስቲ ልየው" ስላት "ተርጉሜ ልጨርስና" ትላለች። አንድ ላጲስ ለተካፈለ ሰው ይህ ከባድ ቃል ነው።

በዚህ ላይ ባሕር ዳር መጣ። ግንቦት ውስጥ የየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ባሕር ዳር ተሰብስቦ እንደሚወዳደር፣ ከእኛም አንድ ሰው ብቻ እንደሚሄድ መምህር አስናቀ ነገረን። የግራ ጫማ ይዞ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው እንደሌለ ግልጽ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከከተማው ርቄ የሄድኩት ደጀን ድረስ ነበር፤ እሱም ለለቅሶ። የዓባይን በረሃ ከላይ ሆኜ አይቼ ተመለስኩ። ሐይቅ የሚባለውን ነገር በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው። በየማታው ዓይኔን ስጨፍን ሐመልማል ጀልባ ላይ ቆማ ትታየኛለች፤ እኔ ዳር ቆሜ የጀልባዋን ገመድ እጠመዝዛለሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቅዱስ ማርቆስን ለመንኩት። ድምፅዋን ውሰድባት አላልኩትም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ትንሽ አሳርፋት ነው ያልኩት።

ሚያዝያ ሰባት ሐሙስ ሐመልማል አነበበች፤ እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ሽቦ ያዝኩ። ዓርብ ድምፅዋ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ቅዳሜ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሙ ቶንሲል ነው ብሎ ለአንድ ሳምንት ቃል እንዳትተነፍስ ከለከላት። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ ቀጥሎ ፍርሃት ነው፣ ከዚያ እንደገና ደስታ ነው።

እሑድ ልጠይቃት ሄድኩ። አንገቷ በሻርፕ ተጠምጥሟል፤ እናቷ እትዬ ጥሩዬ የዳማከሴ ቅጠል እያሹ "በይ ልጄ፣ እንዳታናግሪያት" አሉኝ። ሐመልማል ሳቅ አለችና ከትራሷ ሥር አጀንዳውን አውጥታ፣ ከነላስቲኩ፣ እጄ ላይ አኖረችው። ሳልለምናት። ቀጥላ ስምንት ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ አንድ እጅ ሙሉ፣ ከሌላኛው ሦስት።

ገባኝ። በስምንት ቀን መልሽልኝ ማለቷ ነው። በልቤ "ሞት አልጋ ላይ ሆና እንኳ ቀጠሮ ትቆርጥልኛለች" አልኩ። ቶንሲል ሞት አልጋ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የተናደደ ሰው ግን በሽታ አይመርጥም። እሷ ራሷን እየነቀነቀች እስክሪብቶ እንዳቀብላት በእጇ ምልክት ማሳየት ጀመረች። "አይዞሽ፣ ሁሉ ገብቶኛል" ብዬ፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ ወጣሁ።

መንገድ ላይ፣ የባጃጅ መቆሚያው ጋ እንደቆምኩ ላስቲኩን ፈታሁት። መጀመሪያ የገለጥኩት የራሴን ቀን ነው። ኤፕሪል ማለት ሚያዝያ ነው፤ ይህን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። ኤፕሪል ዐሥራ ስምንት ላይ ደረስኩ። ባዶ። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ገጾቹ ተጣብቀው እንደሆነ ብዬ በጥፍሬ ፈተግኩት። ባዶ ነው።

በየገጹ ጥግ ላይ ሐመልማል በእርሳስ ትንሽ ቁጥር ጽፋለች። ኤፕሪል ዐሥራ ሁለት ላይ አራት፣ ኤፕሪል ዐሥራ አምስት ላይ ሰባት። ለየታሪኩ ከአሥር የሰጠችው ነጥብ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። የእኔ ባዶ ገጽ ጥግ ላይ ስንት ብላ እንደጻፈች ታውቃላችሁ? አሥር። ከአሥር አሥር። ለባዶው። እያሾፈችብኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ላደረግሁት ነገር ይህን በምክንያትነት አቀርባለሁ። ብዙ እንደማይረዳኝም አውቃለሁ።

ሰኞ ማይኩን ያዝኩ። የዕለቱ ገጽ ግርጌ ባዶ ሆነብኝ። ቢሆንም ከመድረክ የሚያወርደኝ ስለሌለ የጠፋ ዕቃውን በታሪክ ድምፅ አነበብኩት፦ "በዛሬው ዕለት፣ አንድ የሒሳብ ደብተር፣ ያለ ሽፋን፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ወድቆ ተገኘ።" ሰልፉ ጸጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ነበር። የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዋ መጠቀ ብዬ አነበብኩ። ከፊት ሰልፍ "እንደገና?" የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። የአድናቆት መሰለኝ። መምህር አስናቀ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ጉሮሮ አለሽ ለካ" አለኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስለ ሐይቅ ብዙ አወራሁላት፤ አይቼው የመጣሁ ያህል።

ዓርብ ሚያዝያ ዐሥራ አምስት ደረሰ። አጀንዳው "ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ሰመጠች" ይላል፤ ሁለት መስመር። ታዲያ በሁለት መስመር የሚሰምጥ መርከብ አለ? እኔ ጨመርኩበት። ብርዱን ጨመርኩ፣ የበረዶውን ግግር ጨመርኩ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሲሰናበቱ ጨመርኩ፤ መሐል ላይ ድምፄን ሰበር አድርጌ ዓይኔን በነጠላ ጠረግሁ። ያች መርከብ በከተማችን ዘመድ ነበራት ማለት ይቻላል፤ ፊልሟን ያላየች፣ ያላለቀሰችላት ሴት ተማሪ አልነበረችም። ለቅሶ ጠበቅሁ። ሰልፉ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ።

አንዱ "ያለፈው ሐሙስ ሰምጣ አልነበረም እንዴ?" አለ። ሌላው "አውጥተዋት ይሆናላ" አለው። ሦስተኛው "ጫማዋ ናት ያወጣቻት፤ የጠፋ ዕቃ ታገኝ የለ" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሐመልማል ሚያዝያ ሰባት፣ እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ሽቦ በያዝኩበት ጠዋት፣ ይችኑ መርከብ አስምጣታለች። በስምንት ቀን ውስጥ አንድ መርከብ ሁለቴ።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ "ይቅርታ፣ ላጣራ" ይላል። እኔ ሳቅ ሲሰማኝ ጭንቅላቴ ሳይሆን አፌ ነው የሚቀድመው። ማይኩን ጠበቅ አድርጌ "ባለፈው የተነበበው ስሕተት ነበር፤ ትክክለኛው ቀን የዛሬው ነው፤ መጽሐፉ ይኸው" አልኩ። አጀንዳውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። መጽሐፍ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ላይ መሳቅ ያስቸግራል።

መምህር አስናቀ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደኝ፤ ኳስ ላይ ተቀምጦ ገጹን አየ። ኤፕሪል ዐሥራ አምስት ይላል። እርግጠኛ ለመሆን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አስመጣ። ኤፕሪል፣ ሚያዝያ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የፈረንጅና የእኛ ዓመት እንደሚለያይ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቀኑም እንደሚለያይ ማንም ቢጠይቀን እንመልስ ነበር። የጠየቀን ግን አልነበረም። እሱ ደወል ሊደወል ስለሆነ ቸኩሏል፤ እኔ ባሕር ዳር ደርሻለሁ።

"ስለዚህ ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ስታሳስተን ነው የከረመችው?" አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። "እሷም ሰው ናት ጋሼ፣ ትሳሳታለች" አልኩት፤ ርኅራኄ በተሞላ ድምፅ። ይህን ቃሌን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ይኮማተራሉ።

መምህር አስናቀ እዚያው ኳሱ ላይ እንዳለ ወሰነ፤ "ታሪክ በዛሬው ዕለት" ከእንግዲህ የእኔ፣ ባሕር ዳርም የእኔ። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ይነገራል።

እስከ ዕረፍት ሰዓት ወሬው ግቢውን ሞላው። ግንቡም በዚያ ቀን አልፈረሰም አሉ። ልደቷም በዚያ ቀን አይደለም አሉ። ከዕረፍት ስመለስ ወንበራችን ላይ፣ በእሷ በኩል፣ አንድ ሰው በጠመኔ "የውሸት ታሪክ ማምረቻ" ብሎ ጽፏል። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የጠፋ ዕቃ ስሰበስብ ከርሜ እንደዚያን ቀን የጠፋብኝ ነገር የለም፤ መጥረጊያ አይደለም፣ እጄ ነው የጠፋኝ። ሳልጠርገው ዋልኩ።

ቅዳሜ እናቴ በርበሬ አስይዛ ደብረ ወርቅ አጎቴ ዘንድ ላከችኝ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ እኛ ዘመዶቻቸው እንኳ የኔታ የምንላቸው። አጀንዳውን ይዤ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉ ጭኔ ላይ ነበር። በቤተ ዘመድ ውስጥ መጽሐፍ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ድሌን መናገር የፈለግሁት ለሚያውቅ ሰው ነው።

ደጃፋቸው ላይ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በርበሬውን አስረክቤ ነገሩን ሁሉ ከሥር እስከ ጫፍ ተረክሁላቸው፤ መርከቢቱን፣ ሳቁን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ ባሕር ዳርን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሳበቃ "ዛሬ ስንት ነው?" አሉኝ።

"ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት።"

ከጋቢያቸው ውስጥ ሞባይል አወጡ። ተማሪዎቻቸው የገዙላቸው ነው፤ ቀኑን በፈረንጅ እንደሚያሳይ ትተውታል። ዓይኔ ሥር አቀረቡልኝ። "ይኸ ስንት ይላል?"

"ሃያ አራት።"

"የማን ሃያ አራት?"

ቁጥሩን ደግሜ አየሁት።

"ኤፕሪልና ሚያዝያ ጎረቤት ናቸው እንጂ በአንድ ቤት አያድሩም። ከሃያ አራት ዐሥራ ስድስት ሲነሣ ስንት ይቀራል?"

ስምንት። ቁጥሩን ከአፌ ሳላወጣው የሐመልማል ጣቶች ታዩኝ፤ አንድ እጅ ሙሉ፣ ከሌላኛው ሦስት። ቀጠሮ አልነበረም።

የኔታ አጀንዳውን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ጥግ ጥጉን በጣታቸው እየነኩ "ይህን ማን ጻፈው?" አሉኝ። ሐመልማል ለየታሪኩ የሰጠችው ነጥብ ነው አልኳቸው። የኔታ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ያን ቀን ጋቢያቸው ወደቀ። "ነጥብ አይደለም አንቺ። የእኛን ቀን ነው የጻፈችው። ኤፕሪል ዐሥራ አምስት የእኛ ሚያዝያ ሰባት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ከወር ወር ይለያያል፤ ይቺ ልጅ ወር በወር ቆጥራ ጨርሳዋለች። እኔ ተማሪ ይዤ እንዲህ የቆጠረልኝ የለም።"

የራሴ አጎት፣ የራሴ ሥጋ፣ እሷን አመሰገኑ። በዚያች ሰዓት እንኳ ቅናት ቆነጠጠኝ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይሻለኝ ነበር።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀጠሉ፦ "ስንክሳር በየቀኑ የሚነበበው ለምን ይመስልሻል? የአንዱ ቀን ለሌላው እንዳይሰጥ ነው። ጻድቁን በስምንት ቀን ያዘገየሽው እንደሆነ ዝክሩን ሌላ ይበላበታል።"

"ማንም አላወቀም እኮ የኔታ" አልኳቸው። እውነቴን ነበር። መምህሩ አያውቅም፣ ተማሪው አያውቅም፣ ሐመልማል መናገር አትችልም። ሰኞ ዝም ካልኩ ሐይቁ የእኔ ነው።

እሳቸው አጀንዳውን በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉት። "መርከቢቱስ አንዴ ሰምጣለች፤ የሚያወጣት የለም" አሉ። "ልጅቱን ግን ማን ሊያወጣት ነው?"

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ብዙ አሰብኩ ብላችሁ እዋሻለሁ። ያሰብኩት ሰኞ እንዴት እንደምታመም ነው። ቶንሲል እንዲይዘኝ እሑድ ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ። የያዘኝ ሆድ ቁርጠት ብቻ ነው። ቅዱስ ማርቆስ ሁለተኛ ሊሰማኝ አልፈቀደም።

ሰኞ ሚያዝያ ዐሥራ ስምንት ነበር። ባዶዋ ቀኔ። ሐመልማል ሻርፗን ጠምጥማ መጥታለች፤ ወንበሩ ላይ የተጻፈውን አይታለች መሰል ዓይኗ ቀልቷል። ከሰልፉ መጨረሻ ቆማለች። መምህር አስናቀ ማይኩን እያቀበለኝ "ታሪኩን አንብቢና ስለ ባሕር ዳሩ እኔ እናገራለሁ" አለኝ። ሽቦውን የያዘልኝ ሰው አልነበረም፤ በግራ እጄ ራሴ ጠመዘዝኩት።

ታሪክ በዛሬው ዕለት ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የለመደበት ነው።

"የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ" አልኩ።

ከሰልፉ አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ። እኔ ቀጠልኩ፤ የገበያ ድምፄን ለማለዘብ ሳልሞክር። "ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ስምንት ቀን ጠፍቷል። የጠፋው እኔ እጅ ላይ ነው። የፈረንጅን ሚያዝያ በእኛ ሚያዝያ ላይ ደርቤ ሳነብ ነበር። መርከቢቱ የሰመጠችው ሐመልማል ባለችው ቀን ነው፤ እኔ ባልኩት ቀን ባሕሩ ሰላም ነበር። ግንቡም የፈረሰው እሷ ባለችው ቀን ነው። ተሳስታለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ንብረቱ የእሷ ስለሆነ መጥታ ትውሰድ።"

ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ "የግራ ጫማውስ?" አለ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህር አስናቀ ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ። ታሪኩንም፣ ባሕር ዳርንም፣ የጠፋ ዕቃውንም ጭምር ወሰደብኝ። የጠፋ ዕቃው ነው ከሁሉ ያናደደኝ፤ ለካ እወደው ኖሯል። ተማሪው ስሜን ከ"ጫማዋ" ወደ "ታይታኒክ" አሻሻለልኝ። አሁን ተምሬ ጨርሼ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ ወረቀት ሊያባዛ ከመጣው መሐል እንኳ "ታይታኒክ፣ ዛሬስ አልሰመጥሽም?" የሚለኝ አይጠፋም።

ሐመልማል እዚያው አቅፋ ይቅር አለችኝ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላለችኝም። አጀንዳዋን ተቀበለች፣ ወንበራችን መሐል ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች፣ ላጲሱን በእሷ በኩል አደረገች። ድምፅዋ ተመልሶላት እንኳ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። በየቀኑ ማይክ ይዛ ታነባለች፤ እኔ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ፣ በሁለቱም ጆሮዬ፣ እሰማለሁ። ለካ ጥሩ ታነባለች።

ባሕር ዳር ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አጀንዳውን ከመስመሩ ወደ እኔ በኩል ገፋ አደረገችው። "የራስሽን ቀን አይተሽዋል?" አለችኝ።

"አይቼዋለሁ። ባዶ ነው።"

"ያየሽው የማንን ቀን ነው?" አለችኝ፤ ልክ እንደ የኔታ።

እጄ እየቸኮለ ስምንት ገጽ ወደ ፊት ቆጠርኩ። ኤፕሪል ሃያ ስድስት። ግርጌው ላይ ባዶ የለም፤ ቼርኖቢል የሚባል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈነዳ ይላል። ሰው ያለቀበት ነገር ነውና ሊኮራበት አይገባም፤ አልኮራሁም። ግን ፍንዳታ! ሐመልማል ሳቋን መያዝ አቅቷት "እናትሽ ትንሽ እንኳ አልጠረጠሩም?" አለችኝ።

ከግርጌው በላይ፣ በእርሳስ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ ስሜ ተጽፏል። ከስሜ ቀጥሎ "የልደቷ ቀን ነው፤ በሰልፉ ላይ ይነገርላት" ይላል። እርሳሱ ደብዝዟል። መቼ ጻፍሽው ስላት መስከረም ላይ፣ አጀንዳው የመጣ ሰሞን አለችኝ። "ተርጉሜ ልጨርስና" እያለች የከለከለችኝ ይህን እንዳላይ ነበር።

ብዙ ነገር ቀንቼባታለሁ፤ በድምፅዋ፣ በግንቧ፣ በሐይቋ። ያን ቀን ግን ከሁሉ የባሰው ቅናት መጣብኝ፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ይህን እንደማልጽፍላት አውቃለሁና፣ በደግነቷ ቀናሁባት። እሱ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ከባሕር ዳር ስትመለስ የሐይቅ ፎቶ አመጣችልኝ፤ እኔ ያን የአጀንዳ ገጽ ቀድደሽ ስጪኝ አልኳት፤ ቀድዳ ሰጠችኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከማሽኑ በላይ ለጥፌዋለሁ። ከጥጉ ላይ ትንሽዬ የእርሳስ ቁጥር አለች። ቀን እንደሆነች አሁን አሳምሬ አውቃለሁ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ግን ነጥብ ነው እላለሁ፤ ከአሥር ዐሥራ ስምንት።